ቃሏን ጠብቃለች

የመጠይቅ ሥልጠናው ላይ ደጋግመው ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ነበር፤ ለመላሽ ሐሳብ አታቀብሉ። አትሳቁ፣ አትቆጡ፣ ራሳችሁን አትነቅንቁ፣ ፊታችሁ እንዳይናገር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴ ከአፌ የሚቀድም ሰው ነኝ። እናቴ ቁጣዬ ከመምጣቱ በፊት ከግንባሬ ላይ ታነበው ነበር። ቢሆንም ሥራው ያስፈልገኝ ነበር። ከጤና ኮሌጅ በነርስነት ተመርቄ፣ ምደባ እየጠበቅሁ፣ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር፤ ቁጭ ብሎ መብላት ደግሞ ቶሎ ያሳፍራል።

ጊዜው ገበሬው በአንድ ለአምስት ቡድን የተደራጀበት ጊዜ ነው። ገጠሩ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ እናቶች በጤና ተቋም መውለድ። ሰው መጥቶ ሲጠይቅ መመለስ የለመደ፣ ጠያቂው ከሄደ በኋላ ግን ምን እንደሚመጣበት በልቡ የሚጠባበቅ ሕዝብ ነበር። እኛም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወርደን፣ በእግር ወደ ውስጥ ገብተን፣ እዚያ ሕዝብ መሐል ካርዶቻችንን ይዘን ተቀመጥን።

ጥናቱ እናቶች የት መውለድ እንደሚመርጡ የሚለካ ነው። ለእያንዳንዷ እናት ሥዕል ያለባቸው ሁለት ካርዶች እናሳያለን። በአንደኛው ላይ ትንሽ ቤት አለች፤ ቅርብ ናት፣ አዋላጇ ሴት ናት፣ ዘመድ ገብቶ አጠገብ መቀመጥ፣ ገንፎ ማጉረስም ይቻላል፤ ግን ሐኪምም ቀዶ ጥገናም የለም። በሌላኛው ላይ ትልቅ ቤት አለ፤ ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ ግን ሩቅ ነው፣ ዘመድም ከበር ይመለሳል። ከዚያ "እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢኖሩ የቱን ትመርጫለሽ?" እንላለን። ቤቶቹ የትም የሉም፤ በሐሳብ የተሠሩ ናቸው። ይህን እንድንነግራቸው ታዝዘናል፣ እኛም እንነግራቸው ነበር። "የለም ግን እንዳለ አድርጊና አስቢው" ስንል ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ እሽ ይሉናል።

ያችን ሴት ያገኘኋት በኅዳር ነው፣ ጤፉ ታጭዶ ክምር በሚሠራበት ሰሞን። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ በቡሬ አድርጎ ወለጋ ለቡና ለቀማ ተሻግሯል። ቤቱ የባሏ የአባቱ ነው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አዛውንት። እናቲቱን ብቻዋን ማነጋገር ግዴታችን ነበርና "አባባ፣ ለትንሽ ጊዜ ወጣ ይበሉልን" አልኳቸው።

"ከቤቴ አስወጥተሽኝ ከምራቴ ጋር ምን ልታወሪ ነው?"

"ደንቡ ነው አባባ።"

"ደግ። ጀርባዬን እሰጣለሁ። ጆሮዬን ግን ወዴት ላርገው?" አሉና በሩ ላይ ወደ ውጭ ዞረው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ማስለቀቅ አልቻልኩም።

ሴቲቱ ካርዶቹን ከእጄ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ ደረበችው።

"እቴ፣ የዚህ ቅርብነቱና የዚያ ሐኪሙ አንድ ላይ አይሆንም?"

"አይሆንም። አንዱን ብቻ ነው።"

"ማን ከለከለ?"

"እንዲህ ነው የተሠራው።"

ስቃ አየችኝ። እኔም መሳቅ አማረኝ፤ ደንቡ ትዝ ሲለኝ አቀረቀርኩ። ካርዶቹን ለያይታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የመጀመሪያ ልጇን ሐኪም ቤት ገብታ እንዴት እንደወለደች ነገረችኝ። ሰዎቿን ከበር መልሰውባት ነበር። ስትጮህ ዝም በይ ተባለች፣ ዝም አለች። ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ ያን ሰዓት ከኋላዬ በአመዱ የምትጫወተው ልጅ እሷ ናት። "ግን ከዚያ ወዲህ በር ሲዘጋብኝ እደነግጣለሁ" አለች። ከዚያ ጣቷን ትንሿ ቤት ላይ አደረገች።

"ቅርቡን" አለች። እኔ ምልክት አደረግሁ።

አዛውንቱ ዞር ሳይሉ "ቅርቡን አለች?" አሉ።

"አዎ አባባ።"

"ደግ መርጣለች።"

ከቀበሌው ስንወጣ ተቆጣጣሪያችን የጠየቅናቸውን እናቶችና ቤተሰቦቻቸውን ሰብስቦ አመሰገነ። ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ተጫዋች፣ ክፉ የማያውቅ ወጣት ነበር። "ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእናንተ ወደ አንዳንዶቻችሁ ተመልሰን እንመጣለን። ያንኑ ጥያቄ ደግመን እንጠይቅና መልሳችሁ ያው መሆኑን እናያለን" አለ።

አዛውንቱ ተነሡ። "ቢለወጥስ?"

"ባይለወጥ ነው ጥሩ። ከተለወጠ ለሥራችን ያስቸግራል" አለና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ኋላ ጎረቤቶቻቸው ነገሩኝ። መሬት እንደገና በተከፋፈለበት በሽግሽጉ ጊዜ እኚህ ሰው ስብሰባ ላይ ተጠይቀው አንድ ቃል ተናግረዋል፤ በዚያች ቃል ምክንያት ቁራሽ መሬት ሄዶባቸዋል። ምን ብለው እንደነበር ሁሉም በየራሱ ያወራል፤ እሳቸው ግን አንስተውት አያውቁም። እንግዲህ ለእሳቸው፣ ከከተማ መጥቶ በሚጽፍ ሰው ፊት የተነገረ ነገር ጨዋታ አይደለም። የተናገርከው ይመጣብሃል፤ ወይ ይወስድብሃል፣ ወይ ይሰጥሃል። እኛ "እንዳለ አድርጋችሁ አስቡት" ስንል፣ እሳቸው ሊሠራ የታሰበ ነገር አለ ማለታችን ነው ብለው ያዙት። ሞኝነት አልነበረም። ከኑሯቸው የተማሩት ያንን ነው።

በታኅሣሥ ለሁለተኛው ዙር ተመለስኩ። ጠዋት ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ካርዶቹን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤታቸው ስሄድ፣ የቀበሌው ጤና ኬላ ደጃፍ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጤና ኬላው ተቆልፏል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ለስብሰባ ወረዳ ተጠርታ ሄዳለች። መሬት ላይ ቃሬዛ ተቀምጧል፤ ቃሬዛው ላይ ያች ሴት አለች። ሴቶች ከብበዋት "ማርያም ማርያም" ይላሉ።

አዛውንቱ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እንደ እፎይታ ያለ ነገር ነበረው።

"እንኳን መጣሽ ልጄ" አሉኝ። "ቃሏን ጠብቃለች።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ተንበርክኬ ሆዷን ዳሰስኩ። ልጁ በሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል። ምጡ ከጀመራት ውሎ አድሯል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ግን ያውቀኛል። እኔ በእጄ የማደርግላት ነገር አልነበረም፤ የሚያስፈልጋት ቀዶ ጥገና ነው፣ ያውም ሳይረፍድ።

"አባባ፣ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለባት። አሁኑኑ።"

"እሱንማ እኔም አስቤው ነበር። ጎረቤቶቼም ብለውኛል" አሉ በዝግታ። "ግን ዛሬ ወይ ነገ ትመጣላችሁ። የመረጠችውን ትታ ሌላ ቦታ ብታገኟት ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ቃሏ አይጸናም ትላላችሁ። የሷ ብቻ መስሎሽ? የአገሩ ሁሉ ነው። ቤቱ የሚሠራው በሷ ቃል አይዶለም ወይ? ምርጫዋ ቅርቡ ነው፤ ላሁኑ ያለን ቅርብ ደግሞ ይህ ነው። እኔ ቁሜ እያለሁ ይህችን ልጅ በመንግሥት ፊት ዋሾ አላስብላትም።"

ምን ምን እንዳልኳቸው ሁሉንም አላስታውስም። ወረቀት ነው አልኳቸው፣ የወረቀት ቤት ነው አልኳቸው፣ ሰው እየሞተ ስለ ቃል ያወራሉ ወይ አልኳቸው። አባት በሚሆኑ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። እሳቸው አቀርቅረው ሰሙኝና "ትቆጫለሽ፤ ያስቆጣል" አሉ። ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም፤ እሳቸው ካልተነቃነቁ ደግሞ ቃሬዛውን የሚያነሣ የለም።

ያን ጊዜ ከከበቧት ሴቶች አንዷ፣ ጠና ያለች ጎረቤት፣ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "አንች ልጅ፣ ጩኸቱን ተይው። እንደ ግዝት ነው የያዙት። ያስመረጥሻት አንች ነሽ፣ አንችው ፍቻት። በፊታቸው ፍቻት።"

ግዝት ምን እንደሆነ ለማንም ጎጃሜ አይነገረውም። ቄሱ ካሰረ ቄሱ እስኪፈታ ድረስ እግር አይነሣም፣ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት አይጫጫርም። እኔ፣ ለቀን አበል ብዬ ካርድ ይዤ የምዞር ልጅ፣ ሳላውቀው ሰው አስሬ ሄጄ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሁለቱን ካርዶች አውጥቼ እሷ በምታይበት አቅጣጫ፣ አዛውንቱም በሚያዩበት አቅጣጫ ያዝኩ። "ሁለተኛው ዙር ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢኖሩ የቱን ትመርጫለሽ?"

ምጡ እስኪለቃት ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ካርዶቹን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

"የቱ ላይ ነው የምተርፈው?" አለች።

ሥልጠናውን፣ ደንቡን፣ ሁሉንም አስታወስኩ። በካርዶቹ ላይ ርቀት ነበር፣ የአዋላጇ ጠባይ ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ የዘመድ መግባትና አለመግባት ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ግን አልነበረም። አንድም ቦታ አልነበረም።

"በዚህኛው" አልኩና የትልቁን ቤት ካርድ ወደ ፊቷ አስጠጋሁ።

"እንግዲያ እሱን። ሩቁን።"

አዛውንቱ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። "ሰማችሁ?"

"ሰማን" አሉ።

ጋቢያቸውን ጥለው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ራሳቸው በትከሻቸው ያዙ። በዚያ ዕድሜያቸው ቃሬዛውን ከያዙት ወጣቶች ፊት ፊት ሲሮጡ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ያህል መሮጥ ፈልገው እንደነበር ገባኝ። ንዴቴ አልቀነሰም፤ ግን በማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ መሄዱን ነገሩን። ከቡሬ በርበሬ ጭኖ የሚመጣ መኪና አቁመን ከጆንያዎቹ ላይ አሳፈርናት። በርበሬው ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ እሷ በምጧ መሐል ስታስነጥስ እኛ ስናስነጥስ፣ ያች ጎረቤቷ ሁለታችንንም እያቀፈች እያለቀሰች ስትስቅ፣ እንዲህ ሆነን ፍኖተ ሰላም ገባን። ሐኪሞቹ ጊዜ አላጠፉም፣ ተቀብለው አስገቧት።

አዛውንቱ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ወንበር ሰጧቸው፣ አልተቀመጡም። እኔ ወጥቼ ስመጣ ፊቴን አይተው ነበር፤ እንዳልኩት ፊቴ ምስጢር አይችልም።

"ሁለቱም?" አሉኝ።

"እሷ" አልኳቸው። "እሷ ተርፋለች።"

ጋቢያቸውን ጤና ኬላው ደጃፍ ጥለውት ስለመጡ ፊታቸውን የሚሸፍኑበት አልነበራቸውም። በእጃቸው መዳፍ ሸፈኑት። እጃቸውን ሲያወርዱ "ቃሏን ስትለውጥ የሰማሽው አንች ነሽ። ጻፊላት። ኋላ እንዳይያዝባት" አሉኝ። እጽፍላታለሁ አልኩ። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቁኝም፣ ወንድ እንደነበር እኔም አልነገርኳቸውም።

ጻፍኩላት። ተቆጣጣሪያችን ታሪኩን ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ክፉ እንዳልነበረ ብያለሁ። ይሁን እንጂ መልሱን አልተቀበለም። ጠያቂዋ ጣልቃ የገባችበት መልስ ነው፣ መረጃውን ያበላሻል፣ የመጀመሪያው ነው የሚያዘው አለኝ።

"ሁለተኛው ነው እውነተኛው" አልኩት።

"ሞት ፊት ላይ የተሰጠ መልስ ምርጫ አይባልም።"

"ታዲያ ቤቷ ተቀምጣ በሌለ ቤት ላይ ጣቷን ስታደርግ ነው ምርጫ የሚባለው?"

እረፍት ውሰጂ አለኝ። ኋላ የጥናቱ ውጤት ሲነገር አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የአካባቢው እናቶች ከሐኪሙ ይልቅ ቅርበትና የዘመድ አጠገባቸው መሆን እንደሚበልጥባቸው ተነገረ። ከእነዚያ እናቶች አንዷ እሷ ነበረች። ተጨበጨበ፣ ሻይ ተጠጣ። እኔ ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ምደባዬ ቡሬ ሆነ። አንድ ክፍል ተከራይቼ ገባሁ፣ ሥራ ጀመርኩ፣ ከዚያም ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ወደዚያ ቀበሌ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም ጥሩ መልስ የለኝም። ልጠይቃት፣ ቁስሏ እንዴት እንደሻረም ላየው ብዬ ይሆናል።

በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። በአዛውንቱ ማሳ ዳር ሳልፍ፣ በቆሎው መሐል፣ ለመንገዱ ቀረብ ብሎ፣ ያልታረሰ ቦታ አየሁ። አራት ማዕዘን ነው። በየማዕዘኑ የባሕር ዛፍ ችካል ተተክሏል። ሙጃ ወርሶታል፣ ጥጃ እንኳ አልታሰረበትም። በዚያ አገር ሰው ስለ አንድ ጋት ድንበር ፍርድ ቤት ይመላለሳል። እዚያ ቆሜ ሳየው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ግን እንዳይሆን ተመኘሁ።

አዛውንቱ ከቤት ወጥተው ሳሙኝ። ወዴት እንዳየሁ አይተዋል።

"ለጤና ቤቱ ነው" አሉ። "መጀመሪያ ቅርቡን አለች፣ ኋላም ሐኪም ያለበትን አለች። ሁለቱንም ሰምታችኋል። እንግዲህ ቅርብ ሆኖ ሐኪም ያለበት ይሆናል ብዬ ነው። ከመንገዱም አይርቅም። በሽግሽጉ ተወስዶብኝ ያውቃል፤ ይህን ግን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት።"

ያን ጊዜ ሴቲቱ ከበሩ ብቅ አለች። ነጠላዋን ብታጣፋም ሆዷ ይታያል። ባሏ በጥር ከወለጋ ተመልሶ ነበር። የነርስነቴ ጭንቅላት ወዲያው ወራት መቁጠር ጀመረ፤ ማህፀኗ ተቀዶ የተሰፋ ሴት ናት፣ ገና ዓመት አልሞላትም፣ ቤቷ ማማጥ የለባትም፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን።

ሰላም ካለችኝ በኋላ እሷም ወደ ችካሎቹ አየች።

"እቴ፣ በጥር ነው የሚሉኝ" አለች። "ይደርሳል?"

ደንቡ አሁን የለም። ተቆጣጣሪም የለም። ፊቴ እንደሁ ቀድሞ ነግሯታል።

"አይደርስም" አልኩ። "የሚሠራው የለም። አባባ፣ ማንም አይመጣም። መሬትዎን ይረሱት።"

አዛውንቱ ወደ ሙጃው ዞሩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ታዲያ ምን አስመረጣችኋት?" አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ በየስብሰባው የሚነገር ብዙ መልስ አለ፤ አንዳንዶቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እዚያ ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም። አልቅሼ ነበር መሰለኝ። "ከገና በፊት ቡሬ እኔ ቤት ትምጣ" አልኩ። "እስክትወልድ እኔ ጋ ትቀመጣለች። ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነኝ። አጠገቧም እሆናለሁ፣ በር ቢዘጋም ከውስጥ ነኝ።"

አዛውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ቃል ነው?"

እስከዚያች ቀን ድረስ ስንቱን ሰው ተናገር ብዬ መልሱን ተቀብዬ ሄጃለሁ። የኔን ቃል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ቃል ነው" አልኩ።

እሳቸው ግን በዚህ አላለፉኝም። ወደ በቆሎው ዞረው፣ ማዶ የሚያርመውን ጎረቤታቸውን በስሙ ጠርተው፣ መጥቶ አጠገባችን እስኪቆም ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና "እሱ ይስማሽ፤ ድገሚው" አሉኝ።

ሴቲቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ደገምኩት።